የጥያቄው መምህር፤ ጳውሎስ ኞኞ ከዳሞት ሲታዩ



የሞተ ሰው ሲታሰብ አገራችን ሁለት ወግ አላት፤ አንዱ ሙሾ ነው፤ ሁለተኛው ተዝካር ነው። ሙሾው የሟቹን ደግነት እያነሣ ያስለቅሳል፤ ተዝካሩ ግን ለቀሩት ሰዎች የሚበላ ነገር ያቀርባል። ዛሬ ስለ ጋዜጠኛና ደራሲ ጳውሎስ ኞኞ የሚቀርበው ንግግር ወደ ተዝካሩ ያደላል። የዕለቱም ጥያቄ ይህ ነው፤ ከአራተኛ ክፍል በላይ መደበኛ ትምህርት ያልተማሩት እኒህ የጋዜጣ አዘጋጅ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ለሚገኝ ወጣት ዘጋቢ ምን ስንቅ ትተውለት ሄዱ?

ጥያቄው ከምዕራብ ጎጃም እንዲነሣ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ጳውሎስ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚወራው የአዲስ አበባ ወሬ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ፣ የዝግጅት ክፍሉ፣ የጓደኞቻቸው ቀልድ ይነሣል። ነገር ግን በዚያ ዘመን የታተመ ጋዜጣ ዓባይ በረሃን ወርዶ፣ ደጀንን ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስንና ደንበጫን አልፎ ወደ ዳሞት የሚደርሰው ዘግይቶ ነበር። ዘግይቶ የደረሰ ዜና ትኩስነቱ ያልቃል፤ ሳይሻግት የሚቆየው በውስጡ እውቀት ያለበት ጽሑፍ ብቻ ነው። የጳውሎስ ገጽ ደግሞ ከዚህ ወገን ነበረ። ስለዚህ የሰውየው ሥራ በሚዛን ላይ ሲወጣ ሚዛኑ ከሩቁ አንባቢ ዘንድ ቢቆም ተገቢ ይሆናል።

ጳውሎስ ኞኞ በኅዳር ወር 1926 ዓ.ም. በሐረርጌ፣ ቁልቢ ተወለዱ። አባታቸው ግሪካዊ፣ እናታቸው ኢትዮጵያዊት ነበሩ። ትምህርታቸው በአራተኛ ክፍል ቢቆምም ንባባቸው አልቆመም። በሀገር ውስጥ የጋዜጠኝነት መደበኛ ኮሌጅ ባልነበረበት ጊዜ ሙያውን የተማሩት በሥራው ላይ ነው። በ«የኢትዮጵያ ድምፅ» ጋዜጣ አዘጋጅነት ታወቁ፤ በኋላም በ«አዲስ ዘመን» ሠሩ። የአጤ ቴዎድሮስንና የአጤ ምኒልክን ታሪክ፣ የ1928ቱንም ጦርነት ታሪክ ጽፈው ለአንባቢ አቀረቡ። የአጤ ምኒልክን ደብዳቤዎችም ሰብስበዋል። በግንቦት ወር 1984 ዓ.ም. በ58 ዓመታቸው አረፉ።

ከዚህ ሁሉ ሥራቸው ውስጥ ስማቸውን በየቤቱ ያስገባው «አንድ ጥያቄ አለኝ» የተባለው ዓምድ ነው። አንባቢ ይጠይቃል፤ ጳውሎስ ይመልሳሉ። የሚጠየቀው ነገር ወሰን አልነበረውም፤ ስለ ነገሥታት ታሪክ የሚጠይቅ አለ፤ ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር የሚጠይቅ አለ፤ ስለ ሰማይ ከዋክብት የሚጠይቅ አለ። መልሱ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ያስቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ጠያቂውን ቆንጠጥ ያደርጋል። ሆኖም ጥያቄው ትንሽ ነው ተብሎ አይጣልም ነበር። ከዚህ ዓምድ በፊት የአማርኛ ጋዜጣ በአብዛኛው ከላይ ወደ ታች የሚናገር ነበረ፤ ቤተ መንግሥቱ ይናገራል፣ ሚኒስቴሩ ያስታውቃል፣ አንባቢው ይሰማል። ጳውሎስ የንግግሩን መንገድ ገለበጡት። ተናጋሪው አንባቢ ሆነ፤ አዘጋጁ ደግሞ ታዛዥ። በፖስታ ቤት ቴምብር ገዝቶ ደብዳቤ መላክ የቻለ ሰው ሁሉ የጋዜጣው ባለቤት ነኝ ማለት ቻለ።

እዚህ ላይ ስለ ማስተማር አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ጎጃም የማስተማርን ነገር ከማንም በፊት የሚያውቅ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ መንገድ የተሰየመባቸው ስሞች ናቸው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ እየታገለ ቁራሽ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ ቀን ዱር ለዱር ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ወስዶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያዳምጣል። ከዚያ በኋላ ወይ ያጸናለታል፣ ወይ «ጸያፍ ነው» ብሎ የተሳሳተበትን ቦታ ለይቶ ይመልስለታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በጉባኤ ፊት ስለ ሆነ አንዱ ሲታረም ሌላው ይማራል። ከፍ ያለውም ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናሹን ይረዳል። በዚህ ሥርዓት መምህሩ ስለ ተማሪው ፈንታ አይቀኝም፤ ቢቀኝለት ተማሪው መቼም ባለቅኔ አይሆንም።

ጥሩ የጋዜጣ አዘጋጅ የሚመስለው ይህን መምህር ነው። ዘጋቢው የጻፈውን ከእጁ ነጥቆ ራሱ እንደ አዲስ የሚጽፍ አዘጋጅ ገጹን ለአንድ ቀን ያሳምራል፤ ሰውየውን ግን ሳያስተምረው ይቀራል። ምልክት አድርጎ የሚመልስ፣ ምክንያቱንም የሚናገር አዘጋጅ ለዕለቱ ይደክማል፤ ድካሙ ግን ሌላ አዘጋጅ ይወልዳል። «አንድ ጥያቄ አለኝ» የዚህ ጉባኤ ሰፊው ዓይነት ነበር ማለት ይቻላል። ጠያቂው በሕዝብ ፊት ይጠይቃል፤ መልሱም በሕዝብ ፊት ይሰጣል፤ በአንዱ ጥያቄ ብዙ ሺህ ሰው ይማራል። ከዚያ አንባቢ መካከል ያደጉ ልጆች በኋላ ብዕር አንሥተው ወደ ሙያው ሲገቡ፣ ጳውሎስን በዓይናቸው ያላዩት እንኳ ከእርሳቸው ጉባኤ የዋሉ ያህል ነበሩ።

ከጳውሎስ አሠራር ለወጣት ዘጋቢ የሚሆን ትምህርት ሲወጣ በመጀመሪያ የሚገኘው የመልስ ዕዳ ነው። መልስ የሚሰጥ ሰው ማወቅ አለበት፤ የማያውቀውን ደግሞ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ጳውሎስ የሰነድ ሰው የሆኑት በዚህ ዕዳ ነው። በየጊዜው የሚነሣው ጥያቄ ወደ ድሮ መጻሕፍት፣ ወደ አሮጌ ጋዜጦች፣ ወደ ደብዳቤዎች፣ ወደ ሽማግሌዎች ይመራቸው ነበር። የታሪክ መጻሕፍታቸውን የገለጠ ሁሉ እንደሚያየው ነገሩን ማን እንደ ጻፈው፣ ማን እንደ ተናገረው ጠርተው፣ የሰውየውን ቃል ለሰውየው ሰጥተው ያልፋሉ። ይህ ልማድ ለዘጋቢ ከደመወዝ ይበልጣል። «ተባለ» በሚል ቃል የተጻፈ ዜና አባት እንደሌለው ልጅ ነው፤ ጠብ በተነሣ ጊዜ የሚቆምለት ዘመድ አያገኝም።

ሁለተኛው ትምህርት የቋንቋው ነው። ጳውሎስ የጻፉት ማንኛውም ሰው በሚሰማው አማርኛ ነው። በትምህርት ቤት ብዙ አለመቆየታቸው በዚህ ረገድ ሳይጠቅማቸው አልቀረም፤ አንባቢውን ከበታቻቸው አድርገው የሚያዩበት ሰገነት አልነበራቸውም። የቡሬ ነጋዴ ስለ በርበሬ ሲጠየቅ «የምርት አቅርቦት መዋዠቅ ታይቷል» አይልም፤ «ዘንድሮ በርበሬው በሽታ መታው፤ ገበያ የወጣው ጥቂት ነው» ይላል። ዘጋቢው የነጋዴውን ቃል ትቶ የጽሕፈት ቤቱን ቃል ሲመርጥ የሚያጣው ውበት ብቻ አይደለም፤ በሽታውን ያጣል። በሽታው ከዜናው ከወጣ ደግሞ የግብርና ባለሙያ የሚጠየቅበት ምክንያት አብሮ ይወጣል።

ሦስተኛው ትምህርት ትንሹን ነገር መጠየቅ ነው። በጃቢ ጠህናንና በቡሬ ዙሪያ በቆሎና በርበሬ በብዛት ይመረታል። አንድ ወጣት ዘጋቢ «የበርበሬ ዋጋ ጨመረ» ብሎ ሁለት መስመር ቢልክ፣ መምህር የሆነ አዘጋጅ ጥያቄ ይመልስለታል። ዋጋው የኪሎ ነው ወይስ የፈረሱላ? ገበሬው የሸጠበት ነው ወይስ ነጋዴው የሸጠበት? ባለፈው ዓመት በዚህ ወር ስንት ነበር? ገዢው ከየት መጣ? ዘጋቢው እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይዞ ወደ ገበያው ሲመለስ በእጁ ያለው ወሬ ዜና ይሆናል፤ እርሱም በዚያ ቀን ጋዜጠኛ ይሆናል። በቡሬ ትልቅ የዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ሲመረቅ የምረቃውን ንግግር መዘገብ ቀላል ነበር፤ ጥሬ ዕቃው ከየት ይመጣል፣ ገበሬውስ በምን ዋጋ ይሸጣል ብሎ ወር በወር መጠየቅ ግን በቦታው የሚኖር፣ ከበስተ ኋላውም ጥያቄውን የሚያስታውስለት አዘጋጅ ያለው ዘጋቢ ይፈልጋል።

ክቡራትና ክቡራን፤

ይህ ትምህርት በተግባር ምን ያህል እንደሚከብድ የምዕራብ ጎጃም ምድር ራሷ ሦስት ጊዜ አሳይታለች።

የመጀመሪያው ጊዜ 1933 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር ወር በኦሜድላ በኩል ገብተው፣ የአርበኞችና የእንግሊዝ ጦር በጎጃም ወደ መሐል አገር ሲገፋ፣ በካርቱም የታተመ «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ ከጦሩ ጋር አብሮ ይጓዝ ነበር። ሥራውን የመራው ጆርጅ ስቲር ቀድሞ በኢትዮጵያ ለለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ የዘገበ፣ በ1929 ዓ.ም. ደግሞ የስፔይኗ ጌርኒካ በቦምብ መደብደቧን ለዓለም ያሳወቀ ጋዜጠኛ ነበር። በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ባለችው ማንኩሳ፣ በኢጣሊያ ምሽግ ውስጥ ለነበሩ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች በድምፅ ማጉያ ጥሪ ይተላለፍ ነበር። ጠመንጃ ሊያስከፍተው ያልቻለውን በር ቃል ሊያስከፍተው ይችላል ተብሎ ታምኖ ነበርና በየካቲት መጨረሻ ጠላት ቡሬን ለቆ ወጣ፤ ለመውጣቱ ብዙ ምክንያት ቢኖርም ቃል ከምክንያቶቹ አንዱ ነበረ።

ያ ቃል ለነፃነት ያገለገለ ቃል ነው፤ ክብር ይገባዋል። ሆኖም የጦር ሜዳ ቃል እንጂ የዜና ቃል እንዳልነበረ መለየት ያስፈልጋል። የድምፅ ማጉያ ይጠራል እንጂ አይጠይቅም። ጳውሎስ ከብዙ ዓመታት በኋላ የዚያን ጦርነት ታሪክ ሲጽፉ የሠሩት ሥራ ሌላ ነው፤ የሆነውን ከተባለው መለየት፣ ዘመቻውንም ከነመከራው መመዝገብ ነበር። ወጣት ጋዜጠኛ ሁለቱን ሥራዎች ለይቶ እንዲያውቅ ማድረግ የታላላቆቹ ግዴታ ነው፤ በጦርነት ጊዜ ይህ መለያ መስመር ፈጥኖ የሚጠፋ ነውና።

ሁለተኛው ጊዜ 1960 ዓ.ም. ነው። መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ባወጀ ጊዜ የጎጃም ገበሬ መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ሠጋ። በደጋ ዳሞት፣ በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎችም ወረዳዎች አመፅ ተነሣ። መንግሥት የጦር ኃይል ላከ፤ በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አነሣ፤ የቆየውንም የግብር ዕዳ ሰረዘ። እንዲህ ያለው ትልቅ ነገር በደረሰበት ጊዜ «የኢትዮጵያ ድምፅ»ም «አዲስ ዘመን»ም ይታተሙ ነበር፤ ነገር ግን በሳንሱር ሥር ያለ ጋዜጣ የገበሬውን ቃል ከገበሬው አፍ ተቀብሎ ሊያትም አይችልም ነበር። የአመፁ ሙሉ ታሪክ በወጉ የተጻፈው ቆይቶ በታሪክ ምሁራን ነው፤ ከእነርሱም መካከል የገብሩ ታረቀ በ1983 ዓ.ም. ገደማ የታተመ ጥናት በሰፊው ይታወቃል።

እዚህ ላይ ለጳውሎስ የማይገባ ምስጋና መስጠት ለሙያው አይጠቅምም። እርሳቸውና ትውልዳቸው የሠሩት በአንድ ዘውድና በአንድ ወታደራዊ መንግሥት ሳንሱር ሥር ነው። ብዙ ነገር አልታተመም። በዚያ ዘመን አንባቢው ጋዜጣን እንደ ቅኔ ያነብ ነበር፤ ሰሙን ትቶ ወርቁን ይፈልጋል፤ ምን እንደ ተጻፈ አይቶ ምን እንደ ተተወ ይገምታል። ቅኔ ሲሆን ይህ ጥበብ ነው፤ ዜና ሲሆን ግን ችግር ነው፤ ዜና ሰሙም ወርቁም አንድ መሆን ይገባዋልና። የጳውሎስ ዓምድ በዚህ ሁሉ መካከል የተከፈተች ጠባብ መስኮት ነበረች። ሰው የመንግሥትን ነገር በግልጽ መጠየቅ ባይችልም መጠየቅን ራሱን ተለማመደ። መጠየቅ የለመደ ሕዝብ ደግሞ አንድ ቀን ትልቁን ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ሳንሱርን የሻረው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 የወጣው በጥቅምት 1985 ዓ.ም. ነው፤ ጳውሎስ ካረፉ ገና ጥቂት ወራት አልፈው ነበር። ዕድሜያቸውን በሙሉ በጠባቧ መስኮት ያስተማሩ ሰው በሩ ሲከፈት አላዩም።

ሦስተኛው ጊዜ ቅርብ ነው። በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የኢንተርኔት አገልግሎትም ተቋረጠ። ነሐሴ 7 ቀን በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ የአየር ጥቃት ነው ተብሎ በተነገረ ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ተናገሩ። ዓለም የሰማው በዚህ መንገድ ነው። ከተማይቱ በግዕዝ የሰላም መንገድ የሚል ስም የተሸከመች ናት፤ በዚያ ቀን ግን የወሬዋ መንገድ አንድ የስልክ መስመርና አንድ ሊናገር የደፈረ ሰው ነበር።

ጳውሎስ በዚያ ቀን በአዘጋጅነት ወንበር ላይ ቢኖሩ ምን ያደርጉ ነበር ብሎ መተንበይ አይቻልም፤ ሙት አይጠየቅም። ልማዳቸው የሚያስተምረውን ማየት ግን ይቻላል። ቁጥሩን ማን ሰጠው? የሰጠው ሰው ራሱ አይቷል ወይስ ሰምቷል? «ቢያንስ» የሚለው ቃል ለምን ገባ? ከሟቾቹ መካከል ሕፃናት አሉ? ነገ ተነገ ወዲያ ተመልሶ የሚጠይቅስ ማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ዜና በደረሰበት ቀን የሚደውል ብዙ ነው፤ በወሩ የሚደውል ጥቂት ነው፤ በዓመቱ የሚደውል ደግሞ ከተገኘ አዘጋጅ አለው ማለት ነው።

የገጠሩ ወጣት ዘጋቢ ችግርም እዚሁ ላይ ነው። በአዲስ አበባ የተቀመጠ አዘጋጅ የተሳሳተ ቁጥር ቢያትም እርማት ያወጣል፤ በወረዳው የሚኖር ዘጋቢ ግን ከተሳሳተበት ሰው ጋር በአንድ ገበያ ይገናኛል፤ በአንድ እድር ይቀመጣል፤ በክፉ ቀን ደግሞ የሁለቱም ወገን ታጣቂ በሩን ያውቀዋል። ስለዚህ ለእርሱ ጥንቃቄ የሙያ ደንብ ብቻ አይደለችም፤ የሕይወቱ ዋስትና ናት። አንዲት ያልተጣራች ቃል ከማዕከል ተጨምራበት ብትታተም ዋጋዋን የሚከፍለው የጨመራት ሰው አይደለም። አዘጋጁ ይህን ካወቀ ምልክት የሚያደርግበት እጁ ይከብደዋል፤ ሊከብደውም ይገባል። ያልተጻፈውን እንዳይጨምር፣ የተጻፈውን ያለ ምክንያት እንዳይሰርዝ፣ የዘጋቢው ስም ይውጣ ወይስ ይሸሸግ ብሎ ራሱን ዘጋቢውን እንዲጠይቅ ይህ ዕውቀት ያስገድደዋል።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

በየዓመቱ ስማቸው የሚነሣ ታላላቅ አዘጋጆች አሉን፤ ሐውልት ያላቆምንላቸው፣ ሥራቸውንም አሰባስበን ያላተምንላቸው ብዙዎች ናቸው። የጳውሎስን ዓምዶች ከአሮጌ ጋዜጦች ገጽ ላይ ለቅሞ፣ ከነቀናቸው አሰናድቶ፣ በወጣት ጋዜጠኞች እጅ ማስገባት አንድ ትልቅ ተዝካር ይሆናል። ከዚህም የሚቀል፣ ገንዘብም የማይጠይቅ ሌላ ተዝካር አለ። ይኸውም በዚህ ማኅበር ውስጥ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ እያንዳንዱ አባል በየክፍለ ሀገሩ ካሉት ወጣቶች አንዱን ተማሪዬ ብሎ መያዝ ነው። የላከውን ጽሑፍ አንብቦ፣ ጸያፉን አሳይቶ፣ ከነምክንያቱ መመለስ ነው። ስልክ ሲቋረጥ ደኅንነቱን መጠየቅ፣ ስልክ ሲቀጠልም የመጀመሪያውን ጥሪ ማድረግ ነው። አስነጋሪው ታናሹን ካልረዳ የቅኔ ቤቱ በመምህሩ ዕድሜ ልክ ብቻ ይቆማል።

ጳውሎስ ኞኞ ዲፕሎማ አልተዉም፤ ተቋምም አልመሠረቱም። የተዉት ሰው ሲጠይቅ መመለስ እንደሚገባ የሚያሳይ ምሳሌ ነው። በቡሬ ገበያ የበርበሬውን ፈረሱላ የሚያስመዝን፣ በፍኖተ ሰላም ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ስም የሚቆጥር አንድ ወጣት ዛሬም ጥያቄ ይዞ ወደ ማዕከል እየደወለ ነው። ስልኩን የሚያነሣለት ሰው ይፈልጋል።